አንድ ዕቃ የመጣል መብት

ሄልመር የጀርባ ሻንጣውን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ለሰባተኛ ጊዜ ዘረገፈው። የመኝታ ከረጢቱን አነሳ፣ መዘነው፣ አስቀመጠው፤ መልሶ አነሳው። ባለፈው ሳምንት ከመዘነው በምን ሊለይ ኖሯል? ውስጡ ያለው የዝይ ላባ አያረግዝ ነገር። ከሰኔ ጀምሮ ግን ሰውየው መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። ድስቱን በድስት ይለውጣል፣ ገመዱን ያሳጥራል፣ ያሳጠረው ይቆጨውና ሌላ ገመድ ያወጣል።

ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በሰሜን ስዊድን የዮክሞክ ከተማ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ትታው ወደ ደቡብ ከወረደች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ እሷም አልተጸጸተች፣ እሱም። ዓመት ሙሉ ከልቡ የሚጠብቀው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከጓደኛው ከሲክስተን ጋር ሳሬክ የሚገቡበትን አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሳሬክ ጥርጊያ የለ፣ ማደሪያ የለ፤ ተራራና ወንዝ ነው። ያልተሸከምከው ነገር እዚያ አይገኝም፤ የተሸከምከው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጠላትህ ይሆናል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ከጉዞው ይልቅ በጓዙ ይጨቃጨቃል፤ ሁለቱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል።

ጭቅጭቁን ያበረዱት በአንድ ደንብ ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ በሲክስተን ጋራዥ ውስጥ አሮጌ አንሶላ አንጥፈው ዕቃቸውን ሁሉ ይደረድራሉ፣ ዓሣ በሚመዘንበት ባለመንጠቆ ሚዛን እያንጠለጠሉ ይመዝናሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከሌላው ክምር አንድ ዕቃ፣ አንድ ብቻ፣ አንስተው የመጣል መብት አላቸው። ጣዩ ምክንያቱን አይናገርም፤ ባለዕቃው አይከራከርም። የተጣለው ዕቃ አሥራ ሁለቱ ቀን እስኪያልፍ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። በዚህ ደንብ የሄልመር ትራስ ተጥሏል፤ የሲክስተን የወፎች መጽሐፍ ተጥሏል። አንድ ዓመትማ ሄልመር የጓደኛውን የመጠጥ ጠርሙስ ጣለበትና ሲክስተን እስከ መጀመሪያው ወንዝ ድረስ አኮረፈው፤ ግን አልተከራከረም።

ዘንድሮ ነገሩ ከትራስና ከጠርሙስ አልፏል። የሲክስተን እጅ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞቹ ለበሽታው ስም አውጥተውለታል፤ እሱ ግን በስሙ አይጠራውም፣ «ይቺ ነገር» ነው የሚላት። አምና፣ ይቺ ነገር ገና ስትጀማምረው፣ ከበረዶ የሚወርደውን ወንዝ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ሲሻገሩ እግሩ ከዳውና ውሃው አጋደመው። ሄልመር በሻንጣው ማንገቻ አንቆ አወጣው። ዳር ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሲክስተን፣ «ዓሣ አይቼ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ያ ቀን በሁለቱ መካከል ተነሥቶ አያውቅም።

በሰኔ የሲክስተን ሚስት ጉንቮር ሄልመርን ሱቅ በር ላይ ያዘችው።

«ንገረው» አለችው።

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ አሳምረህ ታውቃለህ። እኔ ከተናገርኩማ ለእልኩ ሲል በማግስቱ ይሄዳል። አንተን ነው የሚሰማው።»

«እኔን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?»

«ሄልመር፣ ባሌን ከወንዝ ውስጥ ለቅማችሁ እንድታመጡልኝ አልፈልግም።»

እነግረዋለሁ አላት። አልነገረውም። ያ አገር ዝም አይነቅዝም የሚል አገር ነው፤ ሁለት ወንዶች ሃያ ዓመት አብረው ተጉዘው የልባቸውን ሳይናገሩ መቅበር ይችሉበታል። ሦስት ጊዜ ሊነግረው ሄደ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰና ስለ ካልሲ አውርቶ መጣ።

ልቡ አርፎ ቢሆን ጥሩ ነበር። አላረፈም። በሐምሌ ሱቅ ገብቶ የአንድ ሰው ድንኳን ገዛ። ቤቱ አምጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ጊዜ ካፖርቶቹ ሥር ወሸቃት፤ ሌብነት የሠራ ያህል ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ቆለፈው። ብቻውን ሊሄድ ነው? አዎ፣ ሊሄድ ነው። አይ፣ አይሄድም። ከዚያ ደግሞ ነገሩን በሚዛን ልፍታው አለ። የሁለት ሰው ድንኳኑን፣ ምድጃውን፣ ስንቁን ሁሉ እሱ ቢሸከም ሲክስተን ልብሱንና መኝታውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ደመረው፤ የእሱ ሃያ አራት ኪሎ መጣ። ሃያ አራት ኪሎ፣ በስልሳ ስምንት ዓመት ጉልበት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ አንዱን ከወንዝ አድናለሁ ሲል ሁለቱም ሊሰምጡ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሲክስተን ደወለ።

«ስንት መዘነ?»

«አሥራ ሰባት» ብሎ ዋሸ ሄልመር።

«ውሸታም። ድምፅህ ሃያ ያልፋል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ኮረዳ ሆኛለሁ። ቅዳሜ መጥተህ ትመሰክራለህ። ደግሞ ያንን ግማታም ሹራብህን ካመጣኸው እሱን ነው የምጥለው፣ ከአሁኑ ዕወቀው።»

ሄልመር ስልኩን ዘግቶ ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ቆረጠ። በአፉ መናገር ካልቻለ በደንቡ ይናገራል። ምክንያት የማይነገርበት፣ ክርክር የሌለበት መንገድ እያለ ከሰኔ ጀምሮ ምን አሰቃየው?

ቅዳሜ ጠዋት ቦት ጫማውን ሻንጣው ላይ አንጠልጥሎ፣ በእንጨት ነጠላ ጫማ ቋ ቋ እያለ ሄደ። አንሶላው ተነጥፏል፤ የራሱን ዕቃ ባንዱ ጥግ ደረደረ። የሲክስተን ዕቃ እንደ ሙሽራ ጓዝ ተሰድሮ ተቀምጧል። ሄልመር ጎንበስ ሲል እያንዳንዱ ከረጢት በቢራቢሮ ቋጠሮ መታሰሩን አየ። ሲክስተን በሕይወቱ እንዲህ ቋጥሮ አያውቅም፤ የጉንቮር እጅ ነው። ሂድ የማትለውን ሰው ጓዝ ቁጭ ብላ ቋጥራለታለች።

ሲክስተን የመጨረሻውን ከረጢት አንስቶ የሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሊሰቅል ሞከረ። መንጠቆው ተንቀጫቀጨ። አልገባም። እንደገና ሞከረ። ሄልመር ጣራውን ያይ ጀመር፤ የጋራዡን ጣራ ይህን ያህል ዘመን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። በመጨረሻ ገባለት።

«በድምሩ ስምንት ኪሎ ተኩል» አለ ሲክስተን እያለከለከ። «ኮረዳ አላልኩህም? ያንተን አልመዝንም፣ ሚዛኔን ትሰብርብኛለህ። በል ጀምር፣ ተራው ያንተ ነው።»

ሄልመር ክምሩን ዞረው። የዝናብ ልብሱን ነካ። ቢላዋውን አንስቶ መለሰ። ይህን ሰው ይወደዋል፣ ሌላ ሰው እንዲህ ወዶ አያውቅም፣ ነግሮት ደግሞ አያውቅም። ከዚያ ጎንበስ አለና የሲክስተንን ቦት ጫማ አነሳ። በጥሩ ስብ ተወልውሏል፤ ማሰሪያው አዲስ ነው። ወስዶ በሩ ሥር አስቀመጠው።

ሲክስተን ጫማውን አየ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«መቼ ነው ያሰብከው?»

«ምክንያት አይነገርም።»

«ምክንያት አልጠየቅኩህም። ቀኑን ነው የጠየቅኩህ።»

«በሰኔ» አለ ሄልመር።

«እኔ ከግንቦት ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር» አለ ሲክስተን። «እኔ ራሴ አልሄድም ማለት አቅቶኝ። አንተ ታድነኛለህ ብዬ። ይሄን ሁሉ ጫማ እስክወለውል አስጠበቅከኝ እኮ፣ አንተ ፈሪ።»

ሲክስተን በእጁ ጀርባ አፍንጫውን ጠረገና ወደ ሄልመር ክምር ተራመደ።

«አሁን ተራዬ ነው።»

ሹራቡን አለፈው። ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ከእጁ አምልጦት፣ የሄልመርን ቦት ጫማ አነሳና ከራሱ ጎን በሩ ሥር አስቀመጠው።

«አይሆንም» አለ ሄልመር። «እኔ ምን ሆንኩና?»

«ደንቡን ታውቃለህ።»

«ደንቡ ለትራስ ነው የተሠራው። የኔን ዓመት እንድትቀማኝ አይደለም።»

«የኔን ስትጥል አፌን ከፍቻለሁ?»

አልከፈተም። ሄልመር ግን ተናደደ። እሱ እግሩ ጤነኛ፣ እጁ ጤነኛ፣ በገዛ ጫማው ማን አዘዘበት? ጫማውን ሊያነሳ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ።

«የገዛሃትን የአንድ ሰው ድንኳን» አለ ሲክስተን ከኋላው፣ «ባለሱቋ በዚያው ቀን ነግራኛለች። ምክንያት እየተናገርኩ አይደለም። ወሬ ነው የማወራህ።»

ሄልመር ቆመ። እፍረቱ ጆሮውን አቃጠለው። ድንኳኗን አሰበ፤ ከዚያ ወንዙን አሰበ፤ ብቻውን ውሃው መሐል ቆሞ የሚይዘው ክንድ ሲፈልግ ታየው። ይህ ሰው ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉን እያወቀ ሳይቀየመው ቆይቷል፤ እንዲያውም ይህን ወንዝ አስቀድሞ አይቶለታል። ጫማውን ሳይነካ ተመለሰና ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ፤ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ።

ጉንቮር ቋንጣ የሞላበት ሳህን ይዛ ብቅ አለች። በሩ ሥር የተደረደሩትን ሁለት ጥንድ ጫማዎች አየች፤ ባሏን አየች፤ ከዚያ እንደ ወትሮዋ ሆነች።

«ይሄን ሁሉ ስንቅ ታዲያ ማን ሊበላው ነው? ሁለት ወር ሙሉ ቋንጣ ሳደርቅ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«ሄልመር ይበላዋል» አለ ሲክስተን። «አሥራ ሁለት ቀን ምን ሥራ አለው?»

ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። ሲክስተን ከሄልመር ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አቀማመጡ ጊዜ ወሰደ። አንድ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ አነሳና ቢላዋውን መዘዘ። በጉዟቸው ሁሉ ሥጋ ቆራጩ እሱ ነው፤ ቢላዋውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ስለቱ ሥጋው ላይ ተንሸራተተ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሦስተኛው አውራ ጣቱን ለጥቂት ሳተው።

ሄልመር እጁን ዘረጋ።

ሲክስተን የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ቢላዋውን አየ። ከዚያ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙሮ ሰጠው። ሄልመር አንገቱን ደፍቶ ቆረጠና አቀበለው። ሲክስተን አኘከ፣ አኘከ፤ ዓይኑ በሩ ሥር ካሉት ጫማዎች ላይ አልተነሣም።

«አወፈርከው» አለ። «እንዲህ እየቆረጥክማ አሥራ ሁለት ቀን አያደርሰንም።»