ቁስሉን ከውስጥ የሰፉት

አባቴ ቀዶ ሐኪም ነበር። ጡረታ ሲወጣ እኔ ቤት ገባና ሥራ ፈታ። መጀመሪያ የሶፋውን ቀዳዳ ሰፋ፤ ቀጥሎ ትራሶቹን፣ ደህናዎቹን ጭምር። የሚሰፋ ሲያጣ በመስኮት ወደ ግቢው ማየት ጀመረ።

“ልጄ፣ ዛፏ ታማለች” አለኝ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ። “ቅርንጫፏ ላይ ያ ሁሉ እባጭ አይታይሽም? መውጣት አለበት።”

ስለ ነፍሳት የማጠናው እኔ ነኝ። “በሽታ አይደለም፣ አባዬ። የክሽክሾች ቤት ነው፤ በተክል ጭማቂ የሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳት ናቸው። እነሱ ሲመጠምጧት ዛፏ ታብጥና ክፍል ትሆንላቸዋለች።”

“እዚህ ቤት ሐኪሙ ማነው?” ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ጓንት አጠለቀ፣ ጭምብል አደረገ፣ ምላጩን በአልኮል ጠረገና መሰላሉን እኔን አስይዞ ወጣ። ዛፏን “አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የሚያምሽ” አላትና እባጩን ቀደደው።

ወዲያው “ወይኔ!” ብሎ ጮኸ። ከቀዳዳው የፈሰሱት ወታደር ክሽክሾች ጓንቱን አልፈው ክንዱን እየወጉት ነበር። “ታካሚ እንዲህ ያደርጋል?” እያለ ያካል፤ ዓይኑን ግን ከእባጩ አልነቀለም። “ነይማ፣ እዪ!”

ወጥቼ አየሁ። ሌሎቹ ቀዳዳው ዳር ተሰብስበው፣ ከገዛ ሰውነታቸው ወፍራም ፈሳሽ እያወጡ ቁስሉን ይለስናሉ። ፈሳሹ ሲጠጥር አንዳንዶቹ እዚያው ተጣብቀው ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳው ድፍን አለ።

“እኔ የቀደድኩትን ማን ስፉ አላቸው?” አለ አባቴ ተቀይሞ።

“ወታደሮች ናቸዋ። አያድጉም፣ አይወልዱም። ቤት ይጠብቃሉ፣ ያጸዳሉ፣ ከተቀደደም በሰውነታቸው ይደፍናሉ።”

አባቴ ከመሰላሉ ወርዶም ጭምብሉን አላወለቀም።

ከማግስቱ ጀምሮ ነጭ ጋውኑን ለብሶ ጠዋትና ማታ ይጎበኛቸው ጀመር። እኔም በሹክሹክታ እንድናገር ታዘዝኩ። ወታደሮቹ ቤት ሲያጸዱ በእባጩ ጠባብ በር ገፍተው የሚጥሉት ጣፋጭ የእዳሪ ጠብታ ጎረቤታችን ጸጉር ሠሪዋ አጥሩ ላይ ያሰጣቻቸውን ፎጣዎች አጣበቀባትና፣ አንድ ቀን መጋዝ ይዛ መጣች።

“ዶክተር፣ ይህን ቅርንጫፍ ዛሬ እገላገለዋለሁ!”

“በሽተኛ ተኝቶ? እመቤቴ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ! ጫማዎንም አውልቀው ይግቡ!”

ግቢው አፈር ነው። ሴትዮዋ ግን ደንግጣ አወለቀች፤ መጋዟንም ከኋላዋ ደበቀች።

ወቅቱ ሲደርስ እባጩ በራሱ ጊዜ ተሰነጠቀ። ክንፍ ያወጡት እየወጡ በረሩ። አባቴ መሰላሉ ላይ ቆሞ “በሰላም ግቡ” እያለ ሸኛቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ አጮልቆ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

“እነዚህስ? ክንፍ የላቸውም እኮ።”

“ወታደሮቹ ናቸው፣ አባዬ። እነሱ እዚሁ ይቀራሉ።”

ጸጉር ሠሪዋ በአጥሩ ብቅ ብላ “ዶክተር፣ በሽተኞችዎ እንዴት ሆኑ?” አለች።

“ድነው ሄዱ” አላት። “የቀሩት አስታማሚዎቹ ናቸው።”

ወንበር አምጥቶ ዛፏ ሥር ተቀመጠ። እሷም ሱቋን ዘግታ መጣችና አጠገቡ ቁጭ አለች። እኔ ሻይ ላፈላ ገባሁ።