ረጅሟ ሌንስ

ካሜራውን ከፌስታሉ ስታወጣ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

«ደግ አሰብሽ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማስታወሻ ይሆናል።» ዞር ብለውም አጠገባቸው የተቀመጠችውን ጎረቤት «ጠጋ በይ እንጂ፣ ትቆረጫለሽ» አሏት። ጎረቤቲቱ ጠጋ አለች። ከማዶ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

«ላነሳችሁ አይደለም፣ መምህር» አለች የሟቹ ሚስት።

«አይደለም እንዴ?»

«ምኑ እንደተሰበረ ልይ ብዬ ነው።»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሻሾቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ለፎቶ ተሰናድቶ እንደመያዝ ያለ ሀፍረት የለም፤ ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ አንዳች ነገር የወደቀበት ይመስል አቀርቅሮ ቀረ።

ቀብሩ ከተፈጸመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከየቤቱ የተለቀሙ ወንበሮች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከነጭራሹ የሕፃናት ትምህርት ቤት ወንበር ነው። ሟቹ ፎቶ አንሺ ቢኖር ሰዉን በቁመት ሳያሰልፍ አያስቀምጥም ነበር።

ፌስታሉን ከትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ ያመጣው ታላቅ ወንድምየው ነው። ውስጡ አንድ ጫማ፣ ሰዓት፣ የትከሻ ቦርሳውና ካሜራው ነበሩ። ሚስትየዋ ጫማውንም ሰዓቱንም አላየችም። ያየችው ካሜራው ላይ የተገጠመችውን ሌንስ ነው። ረጅሟ ናት። ፊቷ ተሰነጣጥቋል። የትኛዋ ሌንስ እንደተገጠመች ጠፍቷት አይደለም፤ በገዛ እጇ ነው የገጠመችለት። ግን ሦስት ቀን ሙሉ፣ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ፣ ከትከሻ ቦርሳው ሰፊዋን ሌንስ አውጥቶ ለውጧት ይሆናል እያለች አምላኳን ስትለምን ነበር። አልለወጣትም።

«ይኸው እንግዲህ፣ ሥራው ላይ እያለ ነው የገደለብኝ» አለ ወንድምየው ለተቀመጠው ሰው። «ያ ዳቦ አመላላሽ ሹፌር ስልክ እያወራ ነው የነዳው። ሌላ ምን ይሆናል? ወንድሜ እንደሆነ ዓይኑ የንስር ነው።»

«ዓይንማ የሱ» አሉ መምህሩ።

«ዓይንማ» አለች ጎረቤቲቱም።

ሚስትየዋ ካሜራውን ይዛ ወደ ኩሽና ገባች።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ፎቶ አንሺው ከበሩ መቃን ጋር መጋጨት አበዛ፤ ሁልጊዜ በግራ ትከሻው። ከዚያ ብርጭቆ መድፋት መጣ። እሷ መጠጥ የጀመረ መስሏት ሲተኛ አፉን ታሸትት ነበር፤ አንድ ቀን ነቅቶ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ቢላት «ጥርስህን መፋቅህን ነው» ብላ አመለጠች። ኋላ ግን ጎትታ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት ነርቩን እንደገደለው፣ የሚንጠባጠበው መድኃኒት የቀረችውን ከማቆየት በቀር የሄደውን እንደማይመልስ ነገራቸው። የቀረችው ደግሞ መሐሏ ብቻ ናት። በቧንቧ አጮልቆ እንደማየት ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ይላል፣ ዙሪያው የለም።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆመና «ለማንም» አላት። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ለማንም አልተናገረችም።

ሚረርለሱን፣ መስታወት አልባውን ካሜራ፣ የገዙት በዚያው ሰሞን ነው። አሮጌው ካሜራ መስታወት ያለው ነበር፤ መስታወቱ ዓይን ያየውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አዲሱ መመልከቻው ውስጥ ትንሽ ስክሪን አለው፤ ፎቶው ሲወጣ የሚመስለውን አስቀድሞ ያሳያል፣ የጨለመውን ያበራል፣ ፎከስ የገባውን ደግሞ ዳር ዳሩን በቀይ ይቀባል። ችግሩ መመሪያው ነው። አራት መቶ ገጽ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሚያህል። እሱ አያነበውም። እሷ ደግሞ በሕይወቷ እንዲያ የወፈረ መጽሐፍ ከፍታ አታውቅም።

ማታ ማታ ከራት በኋላ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች።

«አይኤስኦ» ብላ ታነባለች። «ሲጨምር ያበራል፣ ሲበዛ ፎቶውን አሸዋ የበተኑበት ያስመስለዋል።»

«ቤት ውስጥ ስንት?»

«ሺህ ስድስት መቶ።»

«ሕፃን የሚሮጥ ከሆነ?»

«የሹተሩን ፍጥነት ሁለት መቶ ሃምሳ። እናቱ የምታባርረው ከሆነ አምስት መቶ።»

«እሱ መመሪያው ላይ የለም።»

«እኔ ጨመርኩበት።»

በስድስት ወር ውስጥ ሜኑውን ዓይኗን ጨፍና የምታዞር ሆነች። የሰርግ ዕለት እሱ ሙሽሮቹን ያቆማል፣ ያስቃል፣ አገጭ ያስተካክላል፤ እሷ ቦርሳ ያዥ መስላ ከጎኑ ቆማ ቁጥሮቹን ታስገባለታለች። ሰዉ «እንዴት ያለች ተከታይ ሚስት!» ይላል። እሷም ፈገግ ትላለች፤ ምን ታድርግ።

ሌንስ መምረጥ ግን የእሱ ነበር። ከሁሉ የሚወዳት ረጅሟን ነው፤ ሩቅ ያለውን ታቀርባለች፣ ፊትን እንዳለ ታወጣለች፣ ከኋላ ያለውን ጉም ታደርገዋለች። ሰፊዋን የሚገጥማት ሰዉ በዝቶ አልገባ ሲለው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰፊዋን እንደገጠመ በራቸው ላይ ቆሞ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገና አላወርድ አለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ጎኑ መጣ።»

«የቱ ጎን?»

«የመንገዱ። ይኸው የእነ እንትና ልብስ ማስጫ፣ ይኸው ግንቡ። ትንንሽ ሆነው ነው፣ ግን ሁሉም አሉ።»

ሰፊዋ ሌንስ መንገዱን ከግራ እስከ ቀኝ ጨምቃ በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ታስገባለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ዓይኑ ላይ ሳያደርግ መንገድ አይሻገርም። ሠፈሩ «አነጣጥር» የሚል ቅጽል ስም አወጣለት። የጥበብ ሰው ነው፣ ብርሃን እየለካ ነው አሉ። በስተግራው ሁልጊዜ እሷ ነበረች።

የሞተበት ዕለት ጠዋት የመንገዱ ማዶዋ ልብስ ሰፊ የልጅ ልጇን እንዲያነሳላት ጠራችው። ባለፈው እሷን በሰፊዋ ሌንስ አንስቷት ነበርና «ፎቶው ላይ አፍንጫዬ እኔን ቀድሞ ነው የደረሰው» ብላ ለሠፈሩ ሁሉ አውርታለች። ሰፊ ሌንስ ፊት ሲጠጓት እንዲያ ነው የምታደርገው።

«ዛሬስ ረጅሟን ይዘህ ሂድ» አለችው ሚስቱ።

«ረጅሟ ታፍነኛለች።»

«መንገድ ማዶ እኮ ነው። ሰው ይስቅብን?»

«እንግዲያው አብረሽኝ ነይ።»

«ልብስ ነክሬያለሁ።»

ሰፊዋን ነቅላ ረጅሟን ገጠመች። ቀጭ አለች። የፍሬኑን ድምፅ የሰማችው የመጀመሪያውን ሸሚዝ ሳትጨምቅ ነው።

አሁን ኩሽናው ውስጥ ቆማ ካሜራውን አበራችው። ይሠራል። የመጨረሻውን ፎቶ አወጣች። ምንም የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር የደበዘዘ ንጣት ብቻ። ሲወድቅ ጣቱ ተጭኖት ሰማዩን አንስቶ ይሆናል ብላ ካሜራውን አጠፋችና አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ወደ ሰዉ ተመለሰች።

በሩ አጠገብ፣ የሕፃናቱ ወንበር ላይ፣ ማንም የማያውቃት ሴት ተቀምጣለች። ሻይ ቢሰጧት ብርጭቆውን ይዛ አትጠጣም።

«ከየት ነሽ፣ እህቴ?» አለ ወንድምየው በደግ ድምፅ።

«የሹፌሩ ሚስት ነኝ።»

መምህሩ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ድምፁ ተሰማ። ወንድምየው ተነሣ።

«ይቅር በሉት ልል አልመጣሁም» አለች ሴትየዋ ሳትነሣ። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ካስወጣችሁኝም እወጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቃት።» ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «ባለቤቴ እስር ቤት ሦስት ቀኑ፣ እህል አልቀመሰም። ሃያ ዓመት ዳቦ ሲያመላልስ ድመት ገጭቶ አያውቅም። ጡሩምባ ነፋሁ ይላል። ባልሽ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ካሜራውን ወደ እኔ አዞረ፤ አየኝ፣ ሊያሳልፈኝ ነው ብዬ ነዳሁ ይላል። ከዚያ ተራመደብኝ ነው የሚለው። ማንም አላመነውም። አሁን እሱም ራሱን ማመን እያቃተው ነው፤ ምናልባት አልዞረም ይሆናል እያለ ለብቻው ያወራል። ዞሮ ነበር ወይ? ሰው ዞሮ እያየ እንዴት ይራመዳል?»

«ውሸታም ነው» አለ ወንድምየው። «ተነሺ፣ ውጪ።»

«የመኪናው ቀለም ምንድን ነው?» አለች የፎቶ አንሺው ሚስት።

«ነጭ።»

ሚስትየዋ የአንገቷን ካሜራ በሁለት እጇ ያዘች። በረጅሟ ሌንስ፣ ፎከሷ ማዶ ባለው የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ተይዞ ሳለ፣ አፍንጫ ሥር የደረሰ ነጭ መኪና መኪና አይመስልም። ምንም አይመስልም። ባዶ መንገድ ይመስላል። ጡሩምባ ሰምቶ ዞሯል፣ አነጣጥሯል፣ እንዲያውም አንስቶታል፤ ያ ደብዛዛ ንጣት መኪናው ነው።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ባሏ ሞቷል፣ «ለማንም» ብሏታል። የገጠመችው ሌንስም ከእሷ በቀር ለሌላ ሰው ተራ ሌንስ ብቻ ናት።

«ዞሯል» አለች። «አላየውም እንጂ ዞሯል። አያይም ነበር።»

«ማን?» አለ ወንድምየው።

«ወንድምህ፣ ጋሼ። አራት ዓመቱ ነው። ፊት ለፊቱን እንጂ ጎኑን አያይም። በሰፊዋ ሌንስ ነበር መንገድ የሚሻገረው። ያን ቀን ረጅሟን ሰጠሁት።»

ተናግራ ስትጨርስ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ፎቶ ማሰብ ጀመረ፤ ከፊታቸው ይነበባል።

«የእኔ የጡረታ ፎቶ...» አሉ መምህሩ ቀስ ብለው።

«እሱም ከዚያ ወዲህ ነው፣ መምህር።»

«በጣም ተሳክቶ ነበር እኮ።»

«ለአንድ ገዳይ ብለሽ» አለ ወንድምየው፤ «ወንድሜን ከሞተ በኋላ ልታሳውሪው ነው? ሰው ምን ይላል? በዚህ ከተማ ያላነሳው ሰው የለም። የዕውር ሥራ ነው እየተባለ ከየግድግዳው ሲወርድ ልታይ ነው?»

እንደማይወርድ ልትምልለት አትችልም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መንገድ የሚወጣበትን ጫማ አደረገች። ወንድምየው ወንበሩ ላይ ወደቀ እንጂ በሩን አልዘጋባትም። የሹፌሩ ሚስት ብርጭቋዋን ለጎረቤቲቱ ሰጥታ ተከተለቻት።

ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ አይደለም። የፎቶ አንሺው ሚስት በመኪናው መንገድ በኩል፣ ከግንቡ አንድ ሰው የሚያስኬድ ቦታ ትታ ትራመዳለች። የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነውና የሹፌሩ ሚስት ያ ክፍት ቦታ ውስጥ ልትገባ አንድ እርምጃ ቀደም አለች፤ ከዚያ የፎቶ አንሺው ሚስት ቀኝ ክንድ የሰው ክርን እንደያዘ ታጥፎ እንዳለ አየች። ተመልሳ ከኋላ ሄደች።

መርማሪው ብቻውን ነበር። ቅጽ አወጣ፣ እስክሪብቶውን ወረቀት ጫፍ ላይ ሞከረ።

«የሟች ሥራ?»

«ፎቶ አንሺ።»

«የጤና ሁኔታ? የሚታወቅ ሕመም?»

«ጎኑን አያይም ነበር።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ፎቶ አንሺ ሆኖ?»

«ፊት ለፊቱን ከእርስዎም ከእኔም አብልጦ ያያል።»

«ጎኑንስ ማን ያይለት ነበር?»

«እኔ።»

«ታዲያ ያን ቀን የት ነበርሽ፣ እህቴ?»

«ልብስ ነክሬ ነበር» አለች። «ሌንሷንም የገጠምኩለት እኔ ነኝ። እምቢ ብሎኝ ነበር። እሱም ይጻፍልኝ።»

መርማሪው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። ገለበጠው። መልሶ ገለበጠው።

«ለእሱ ቦታ የለውም» አላት።