የቀኙ መብራት

ቅናተኛ ነኝ። አምቦ ውስጥ ከመናኸሪያው እስከ ሱቄ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው መደበቁ አይጠቅመኝም። ባሌ ዓብዱልመጂድ ሰርግ ቤት ውሎ ሲመጣ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ እጠይቀዋለሁ። ስልኩ ሲጠራ ፊቱን ነው የማየው። በትዳራችን ዘመን አንዲት ሴት እንኳ ይዤበት አላውቅም። ይህ ግን ጥርጣሬዬን አላበረደውም፤ ጠንቃቃ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ።

የምነግደው የመኪና መለዋወጫ ነው። ሱቁን ከስልጤ መጥቶ እዚህ ከከተመው አባቴ ወርሼዋለሁ። ከዕቃው ሁሉ የሚሆንልኝ የፊት መብራት ነው። ያሁን ዘመን መኪና የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲቆይበት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይደፈርስና ማታ መንገዱን በወጉ አያሳይም። ሾፌሮቹ በጥርስ ሳሙና ይፈትጉትና ለሳምንት ሲያብረቀርቅ ዳነ ይላሉ። ሲመለሱ እኔ ነኝ የምቆጣቸው። ያበላሸው ፀሐይ ነው እላቸዋለሁ፤ በውሃና በደቃቅ ማለስለሻ ወረቀት ተሽቶ፣ ፖሊሽ ተደርጎ፣ በላዩ ላይ ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ካልተቀባ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መኪናህን ጥላ ውስጥ አቁም እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አብዛኛው ይስቅብኛል።

የመጂድን ኮሮላ አምና ክረምቱ እንደወጣ በገዛ እጄ ሠራሁለት። ሁለቱንም መብራቶች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቅባት። እሱ ጊንጪ ላይ ጤፍና ስንዴ ይነግዳል፤ ጧት ሄዶ ማታ ይመለሳል። መኪናው ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ እንደሚውል ነግሮኛል፤ እኔም መብራቱ ዓመታት ይቆያል ብዬ ተደስቼ ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ አንድ ጧት በሩን ስከፍትለት የቀኙ መብራት ቢጫ ሆኖ አየሁት። የግራው እንደሠራሁት ጥርት ብሎ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። መኪናው መጋዘን ውስጥ የሚውል ቢሆን ሁለቱም ደህና ይሆኑ ነበር። ሜዳ ላይ የሚውል ቢሆን ሁለቱም ይበላሹ ነበር። አንዱ ብቻ ከተበላሸ መኪናው በየቀኑ አንድ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ግማሹ ፀሐይ ላይ ይቆማል ማለት ነው። በአንድ ቀን በሁለት ቀን ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ባሌ የሚመላለስበት ግድግዳ አለው፤ ግድግዳ ካለ ቤት አለ፣ ቤት ካለ ሴት አለች።

ማታ እራት ላይ መኪናው የት እንደሚውል ጠየቅኩት። መጋዘን ውስጥ አለኝ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። እራቴን ተውኩት።

ጎረቤቴ ዱሬቲ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ጉዳዩን ስነግራት ምናልባት ቅባቱን አንዱ ላይ በስሱ ቀብተሽው ይሆናል አለች። ከቀትር በኋላ እስካለው ዓስር ሶላት ድረስ አላናገርኳትም። ባሌን ብትጠረጥር ይሻል ነበር፤ ሥራዬን ትጠረጥራለች?

እኔ የጠረጠርኩት ቤርሳቤህን ነው። ጊንጪ ባንክ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ገንዘብ ሲገባለት ትደውልለታለች። ድምጿ ለስላሳ ነው። «ጋሽ መጂድ» ስትል «ጋሽ» የምትለዋ ነገር አትጥመኝም። አንድ ቀን ባንክ ቤቱ ግድግዳው ረጅም ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምነው፣ ልትዘርፊው ነው? ብሎ ሳቀ። ሳቁንም ከጥፋቱ ቆጠርኩበት።

በማግስቱ ሱቁን ለዱሬቲ አደራ ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ለልጅቷ የምላትን ስፈልግ ሄድኩ። አንዱን ስድብ አነሳና ይለሰልስብኛል፣ ሌላ እተካለታለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ የደንዲ ገበሬ አመመሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝ፤ ሳላውቀው ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር።

ጊንጪ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ዘበኛው ኦቦ አዱኛ «አከም ጅርታ» ብለው ተነሱልኝ፤ ደህና ነኝ ብዬ መጂድን ጠየቅኳቸው። የቀትሩን ዙህር ከሰገደ በኋላ እንደሚወጣና አሥር ሰዓት ላይ እንደሚመለስ ነገሩኝ፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው አሉ። የት እንደሚሄድ ስጠይቃቸው እኔ ዘበኛ ነኝ፣ የምጠብቀው እህሉን ነው አሉኝ።

ወደ ባንኩ በረርኩ። ቤርሳቤህ በመስታወቱ ውስጥ ትታያለች። ፊት ለፊቷ ረጅም ሰልፍ፣ እሷ ብር ትቆጥራለች፤ ፊቷ ላይ የቀረ ጉልበት የለም። ከዚያ ወንበር ከጧት ጀምሮ እንዳልተነሳች ማንም ያውቃል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ ስድብ የማወርደው ማን ላይ ነው?

ከባንኩ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ወረድኩ። በየግቢው በር ላይ ቆም እያልኩ ጥላ እፈልጋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተዘጋ የቆየ ወፍጮ ቤት አለ፤ ግድግዳው ረጅም ነው። ኮሮላው እዚያ ቆሟል። የግራ ጎኑ ጥላ ውስጥ፣ የቀኝ ጎኑ ፀሐይ ላይ። ግምቴ ልክ ስለሆነ መኩራቴን አልክድም። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ የመጂድን ራስ አየሁና ሁለተኛ ራስ ፈለግኩ።

አልነበረም። ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ወንበሩን አጋድሟል፣ ጫማውን አውልቋል፣ ጭኑ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አለ። ስልኩን አጥፍቶታል። ሬዲዮ የለም። አንዲት የቆሎ ፍሬ ወደ አፉ ያደርግና ደጅ ደጁን ያያል፤ ደጅ ደግሞ ምንም የለም። ያንን የተፈታ ፊት የማውቀው በተጋባን ሰሞን ነበር። ጥላውን የመረጠው ለመብራቱ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ በሚቀመጥበት በኩል ፀሐይ እንዳይነካው ነው።

መስኮቱ ላይ ስቆም ደነገጠ።

«ማንን እየጠበቅክ ነው?»

«ማንንም።»

የኋላ ወንበሩን አየሁ። ባዶ ጆንያና መስገጃ ብቻ ነበር።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ቁጣ ቢሆን አውቅበት ነበር፤ የተናገረው ግን እንደደከመው ሰው ነው።

«ሀጀራ፣ እዚህ ማንም ምንም አይጠይቀኝም።»

ሴት ብትሆን ፀጉሯን እይዝ ነበር፣ እናቷ ዘንድ ሄጄ አዋርዳት ነበር፣ ሽማግሌ እልክባት ነበር። ባሌ የሚሸሸው ወደ ማንም አይደለም፤ የሚሸሸው ከእኔ ነው። ወላሂ፣ በዚያ በተላላጠ ግድግዳ ቀናሁ። እኔ ሰጥቼው የማላውቀውን በየቀኑ ይሰጠዋል።

ዞሬ በቀኝ በኩል ገባሁ። ፀሐዩ ፊቴን መታኝ። ቆሎውን ዘረጋልኝ፣ ዘገንኩ። አብረን ዝም አልን። መቼ እንዲህ እንደተቀመጥን አላስታውስም። ዝም ብል፣ እንዲሁ ዝም ብል፣ ይህ ቦታ የሁለታችን ይሆን እንደነበር አውቄያለሁ። እያወቅኩ አፌ ተከፈተ።

«በየቀኑ ነው?»

«አብዛኛውን ቀን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና።»

በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ አልኩ ለራሴ። ቆሎውን አላመጥኩ። ዋጥኩ። አልቻልኩም።

«ታዲያ ያን ያህል ሰዓት ስትቀመጥ የምታስበው ማንን ነው?»

መጂድ ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ቆሎውን ጠቀለለ። ጫማውን አጠለቀ፣ ወንበሩን አቀና፣ ቁልፉን አዞረ። መኪናው ከግድግዳው ሲላቀቅ ነገ እዚህ እንደማላገኘው ገባኝ።