ከአብራሪው ጎን ያለው ወንበር

በሉዊዚያና ጠረፍ፣ ሄሊኮፕተሮች በሚጠገኑበት አንድ ሀንጋር የቆየ ደንብ አለ፤ የሄሊኮፕተር ካምቢዮ የነካ መካኒክ በሙከራው በረራ ከአብራሪው ጎን ይቀመጣል። «ባሰርከው ብሎን ላይ ነፍስህን አንጠልጥል» ይላሉ። ያ ወንበር ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የአንጋፋው መካኒክ የአልሲድ ነበር። የማሽኑን ሕመም በጆሮውና በመዳፉ ስለሚለይ፣ አብራሪዎቹ «አልሲድ ምን አለ?» ሳይሉ ባሕር ላይ ወዳሉት የነዳጅ ማማዎች አይነሱም ነበር።

ወጣቷ መካኒክ ኖኤሚ ከመጣች ወዲህ ግን ጥያቄው «ኖኤሚ ምን አለች?» ሆነ። በየካምቢዮው ላይ ንዝረት መለኪያ ገጥማለች፤ የማሽኑ መንቀጥቀጥ መስመር ሆኖ ኮምፒውተሯ ላይ ይወጣል።

ያን ዕለት ጠዋት አንዱ መስመር ሽቅብ ዘለለ።

«ኖንክ አልሲድ» አለችው፤ በዚያ አገር ታናሾች ታላቅን «አጎቴ» ሲሉ እንዲህ ነው። «የጭራው ካምቢዮ ኩሽኔታ እየተበላ ይመስለኛል። እስቲ ማግኔቱን ይዩልኝ።»

«እኔ ያልሰማሁትን ያ ቴሌቪዥንሽ ሰማ?»

«እሱማ ምን ይሰማል፣ ማሽኑ ሲያጉረመርም ብቻ ነው የሚገባው፤ ሲዘፍን የሚሰሙት እርስዎ ነዎት።»

አብራሪው ቴሪዮ ከት ብሎ ሳቀ። አልሲድን ያንገበገበው ይኸው ሳቅ ነው፤ ድሮ ቴሪዮ እንዲያ የሚስቀው ለእሱ ቀልድ ብቻ ነበር።

መሰላል ወጥቶ፣ ከካምቢዮው የሚረግፈውን ብረት የሚለቅመውን ማግኔት ፈታ። ጥቁር ጭቃ ብቻ ቢሆን የጤና ነው። ከጭቃው መሃል ግን የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ስንጣሪ ብልጭ አለ፤ ኩሽኔታው በእርግጥ እየተበላ ነው።

«ጌታ ሆይ፣ ለምን ለእሷ?» አለ በልቡ። ሲጸልይ የኖረ ሰው ነውና፣ ይህ ጸሎት እንዳልሆነ አላጣውም። ስንጣሪውን በጨርቅ ጠርጎ ከነጨርቁ ኪሱ ከተተ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ከቴሪዮ ጋር ይነሳል፤ ገና ብድግ ሲሉ «የጭራው ድምፅ አላማረኝም፣ አውርዳት» ይላል። ያኔ ያገኘው እሱ ይሆናል።

«እድፍ ነው» አለ ወርዶ።

«እንግዲያው እንሞክራት» አለ ቴሪዮ። «ዛሬ ግን ወንበሩ ለኖኤሚ ይሁን። የጠረጠረችው እሷ ናት፣ ወጥታ ታድምጠው።»

«ኧረ ደንቡ! የኖንክ ቦታ እኮ ነው» አለች።

ወንበሬን! አለ አልሲድ በውስጡ። ወጥታ ቀበቶዋን ስትታጠቅ እያየ ቆመ። ከዚያ አማተበች፤ እሱ ሁልጊዜ እዚያው ተቀምጦ እንደሚያደርገው። የቴሪዮ እጅ ወደ ማስነሻው ሄደ።

«አቁም!»

አልሲድ ሮጦ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋው። «ማግኔቱ ላይ ነበር። ጠርጌ ደበቅሁት።»

«አብደሃል?» አለ ቴሪዮ ፊቱ አመድ መስሎ። «ይዘኸው ልትወጣ ነበር?»

«ከአንተ ጋር ነበር የምወጣው።»

«ታዲያ እኔ ነፍስ የለኝም?»

ኖኤሚ ስንጣሪውን በጥፍሯ ገልብጣ አየችው። ቀና ብላ አልሲድን ሳታይ ወረደችና ወደ መሰላሉ ሄደች።

«ይምጡ» አለች። «አብረን እንፍታው።»

ወንበሩ ያን ቀን ባዶውን ዋለ። ቅናቱም አልለቀቀውም፤ የሚፈልገውን መፍቻ ቁልፍ ሳይጠይቃት ስታቀብለው እንኳ ቆነጠጠው። ቁልፉን ግን ተቀበላት።