የደምሰው መርዶ

ደምሰው ዘለቀ ከተቀበረ ወዲህ ምሳውን የሚበላው እናቱ ቤት ነው። በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤቱ የሚገኘው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ከሞተ በኋላ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ይህን ለጣቢያችን ያመለከተችው እህቱ ብዙአየሁ ናት። አቤቱታዋን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሳጅን አዱኛ እባላለሁ። የሙታን ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ የሚመራው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ባለፈው ክረምት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ድምፅ ብቻ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን የሚሳደብ ሰው ነበር። ባልደረቦቼ ሲሸሹ እኔ ተናድጄ መልሼ ሰደብኩት፤ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ «አዱኛ ጋ ውሰዱት» ይባላል። እኔ እንኳ ከነገሩ ጦም እደሩ የምል ሰው ነበርኩ።

ብዙአየሁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳችኝ። የወንድሟ መኪና ሩቅ አገር ገደል ገባ። ሬሳውን ለማምጣት ስላልተቻለ እዚያው አጎቷ በሚኖርበት አገር ተቀበረ። እናታቸው እማማ ጥሩወርቅ በዚያ ሰሞን በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ «ድንጋጤ አይችሉም» አለ። ስለዚህ መርዶው እንዲቆይ ተወሰነ፤ ደምሰው ሥራ በዝቶበት ነው ተባለ። እናትየው ተሻላቸውና ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ ደምሰው ለምሳ መጣ።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።

«ይያዝልን።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም። እናቴ ግን እያለቀች ነው። ለእሱ ብላ ከአልጋዋ ትነሳለች፤ ስትሠራ ትውላለች፤ እሷ አንዲት ጉርሻ አትቀምስም። እሱ ሲሄድ ትወድቃለች። ሞቷል ብለን እንዳንነግራት ከፊቷ ተቀምጧል። ሳጅን፣ እሷንም ይዟት ሊሄድ ነው።»

አሳዘነችኝ። ሽማግሌ ልካችሁ አታውቁም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

ልከው ኖሯል። በእኛ ከተማ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይገቡና ይናገራሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደየስ ሰዎቻቸውን አስከትለው ሄደው በሩን አንኳኩ። ያን ዕለት ደምሰው ከወትሮው ቀደም ብሎ መጥቶ ነበርና የከፈተላቸው እሱ ነው። «ግቡ፣ ኧረ ግቡ» አላቸው። ገቡ። ጋሽ ወልደየስ እንዴት አደርክ አሉት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። መንገዱ እንዴት ነው አሉት፤ አስቸጋሪ ነው አለ። ቁርስ ቀረበ። በሉ፣ መረቁ፣ ወጡ።

እኔም የዚያኑ ዕለት ጋሽ ወልደየስን አግኝቼ፣ ለምን ሳይናገሩ ወጡ ብዬ ወቅሼያቸው ነበር።

«ልጁ በገዛ እጁ እያጎረሰኝ ሞቷል ልበል?» አሉኝ። «ነውር የሚባል ነገር አታውቅም? ደግሞም ዝም አይነቅዝም።»



በማግሥቱ ቀትር ላይ ኮንስታብል እናኑን ይዤ ወደ ቤቱ ሄድኩ። እናኑ ወጣት ናት፤ ጥሩ ፖሊስ ናት፤ ሰው ከእሷ ጋር ሲሆን ሳያስበው ያወራል። ደምሰው ማዕድ ላይ ነበር። ሰፋ ያለ ፊት ያለው፣ የሹፌር ትከሻ ያለው ሰው ነው። ይጠቀልላል፣ ይጎርሳል፣ ያላምጣል፤ ትሪው ላይ ያለው ግን አይጎድልም። ከሱሪው ጫፍ ቀይ አፈር ወለሉ ላይ ይረግፋል። የእኛ አገር አፈር ጥቁር ነው። ብዙአየሁ ጥግ ላይ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች።

«ደምሰው፣ ጣቢያ ትፈለጋለህ» አልኩት።

«ምሳዬን ልጨርስ?»

«ጨርስ።»

እማማ ጥሩወርቅ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር። እጃቸው ከክር የቀጠነ፣ ፊታቸው የገረጣ ሴት ናቸው። «ልጄን ወዴት ነው?» አሉኝ። ለአንድ ጉዳይ ምስክርነት እንደሚፈለግ ነገርኳቸው። በሥራዬ ብዙ ጊዜ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያን ቀን የከበደኝ የለም። እናኑን እሳቸው ዘንድ ትቼ ወጣሁ።

ደምሰው ከፓትሮል መኪናው የፊት ወንበር ላይ ከጎኔ ተቀመጠ። ማርሽ ስቀይር እግሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጣቢያ ደርሰን አግዳሚ ወንበር ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ እንዴት እንደምጀምር ቸገረኝ። ከሞቱ በኋላ ምሳ መብላትን የሚከለክል ሕግ የለም።

«ስለ ራስህ የሰማኸው ነገር አለ?» አልኩት።

«መሞቴን ነው?» አለ።

«አዎ።»

«አውቃለሁ እንጂ። ሲቀብሩኝ ነበርኩ።»

ተናደድኩ። «ታዲያ አውቀህ ነው አሮጊቷን የምታንከራትታት?»

«እናቴ አልሰማችም፤ ለዚያ ነው» አለ። «ብቀር ትጠረጥራለች። ልቧ ደካማ ነው አሉ። አንድ ቀን ስትጠነክር ቀስ ብዬ አራርቀዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ሳጅን፣ መንገዱ ሩቅ ነው። በእግሬ ነው የምመጣው። መኪና አስቆማለሁ፤ የማውቃቸው ሹፌሮች ሳይቀሩ ያልፉኛል። ምግቡም ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እንዴት እንደደከመኝ ብታይ።»

ንዴቴ በረደ። ውኃ ሰጠሁት፤ ይዞት ተቀመጠ። ያን ጊዜ እናኑ እያለከለከች ገባች። በዓይኗ ጠርታ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«ሳጅን፣ እማማ ያውቃሉ።»

«ምኑን?»

«መሞቱን። እናንተ ስትወጡ እጄን ይዘው አደራሽን አሉኝ። ጣቢያ ውስጥ አፉ የሚያመልጠው ሰው አይጠፋምና እንዳይነግሩት፤ ልጄ አልሰማም አሉኝ።»

«ማን ነገራቸው?»

«ማንም። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ጠያቂ ሁሉ ስለ ከብቱም ስለ ጎረቤቱም ሲጠይቃቸው፣ ደምሰውስ እንዴት ነው የሚላቸው ሰው ጠፋ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ተረዳሁት ነው የሚሉት። በኋላ ለምሳ ሲመጣ፣ ምስኪን፣ የነገረው የለም ብለው አሰቡ። ምግቡን ቢተዉት ይጠረጥራል ብለው ነው እየተነሱ የሚሠሩለት። እንኳን መብላት መቀመጥም አልቻልኩም አሉኝ። እያለቀሱም አልነበረም፤ እሱ ፊት እንዳያመልጣቸው ለቅሶውን አምቀው ይዘውታል።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሳቅ መጣብኝ፤ ደግሞ ሳቅ አልነበረም። ብቻ ከደረቴ ላይ አንድ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። የሚያስፈልገው እስር አልነበረም። መርዶ ነው።

ገብቼ እናቱ እንደሚያውቁ ስነግረው፣ ደምሰው እንግዲያው አሁኑኑ ሄጄ ልንገራት አለ። አይሆንም አልኩት። ሰው የራሱን መርዶ ራሱ አይናገርም፤ ቀትር ላይም አይነገርም። በደንቡ በማለዳ፣ በሽማግሌ መሆን አለበት። ያን ሌሊት ጣቢያ አደረ። አግዳሚው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ተረኞቹ ሲያንኮራፋ አደረ ብለው ነግረውኛል።

በማለዳ ጋሽ ወልደየስና ሰዎቻቸው፣ እኔ፣ እናኑና ደምሰው አብረን ገባን። እማማ ጥሩወርቅ መደባቸው ላይ ነበሩ። ልጃቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉና ሊነሱ ሞከሩ። እሱም ፈገግ አለላቸው። አጠገባቸው አስቀመጥነው። ብዙአየሁ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። የእናቷን ልብ እያሰበች ነው፤ እኔም የማስበው ያንኑ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ እዚያው መደብ ላይ ሁለት ሙት ሊሆኑ ነው።

ጋሽ ወልደየስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘንድሮ ዝናቡ እንኳ ደህና ነው» አሉ።

«ደህና ነው» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ደህና ነው» አለ ደምሰው።

«እህሉም ደህና ይዟል» አሉ ጋሽ ወልደየስ። አንዱ ሽማግሌ ተመስገን አለ። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባኝ። ትንሽ ቆይቶ ቁርስ ይቀርባል። ትዕግሥቴ አለቀና ተነሣሁ።

«እማማ ጥሩወርቅ፣ ልጅዎ ደምሰው ሞቷል» አልኩ። «ደምሰው፣ አንተ ሞተሃል። እናትህ ያውቃሉ። እማማ፣ እሱም ያውቃል። እግዚአብሔር ሁላችሁንም ያጥናችሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ሰማህ?» አሉት።

«ሰምቻለሁ እማዬ። አንቺስ?»

«እኔማ ቆየሁ።»

ከዚያ በኋላ ያ ታምቆ የኖረው ለቅሶ ወጣ። እማማ ጥሩወርቅ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ ጎረቤት በአጥሩ በኩል እየተጠራራ መጣ፤ ቤቱ ሞላ። ደምሰው ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ አለቀሰ። የሚገባው ሰው ሁሉ እሱንም እግዜር ያጥናህ እያለው ያልፋል። እናትየው በሙሾ ሲያወድሱት፣ ቀዩን መኪናውን እንደ ፈረስ ሲጋልበው ብለው ደረደሩ። «ሰማያዊ ነው እማዬ» አላቸው ቀስ ብሎ። አስተካከሉት።

እኔ ዓይኔን ከእማማ ጥሩወርቅ ላይ አልነቀልኩም። አልወደቁም። ጉንጫቸው ደም መሰለ። ሲወጣላቸው ውኃ ጠየቁ፤ ቀጥለው እህል ጠየቁ። ብዙአየሁ ያቀረበችላቸውን ከትሪው ዳር እስከ ዳር በሉ፤ ትሪው ባዶ ቀረ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብዙአየሁ ጆሮዋን ደረታቸው ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ቀና ስትል ትስቅ ነበር። ጋሽ ወልደየስ «እሰይ፣ እኔም ዛሬ ልንገራቸው ብዬ ነበር» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ስለነበር አልተከራከርኳቸውም።

ደምሰው እናቱን ሳይቀሰቅስ ግንባራቸውን ሳመ። እስከ መናኸሪያ እንድናደርሰው ለመነን። በመንገድ ላይ መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነበር። እንደ እሱ ቀሎት የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። መናኸሪያው በር ላይ ወረደ። ወደተቀበረበት አገር የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ነበር፤ ረዳቱ ግን አይቶት ከፊት ቦታ ሰጠው። እናኑ እጇን አወዛወዘችለት። አውቶቡሱ ወጣ።

ልንመለስ ስንል ከመናኸሪያው ግንብ ሥር የተሰለፉትን ሰዎች አየን። ሻንጣ የያዙ አሉ፣ የሆስፒታል ቀሚስ የለበሱ አሉ፣ የቤት ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ የወጡ አሉ። አውቶቡስ ሲመጣ አይነቃነቁም። እንደ ደምሰው ከልብሳቸው ጫፍ የሌላ አገር አፈር ይረግፋል። የሚያዩት የእኔንና የእናኑን ፊት ነው። ከሁሉም ፊት የነበሩት ፌስታል የያዙ አሮጊት ቀረብ አሉ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ስለ እኔ የሰማችሁት ነገር አለ?»

እናኑ ወደ እኔ ዞረች። ኮፍያዬን አወለቅሁ። ይህን ሲያዩ፣ ሰልፉ እስከሚታጠፍበት የግንቡ ማዕዘን ድረስ ያሉት ሁሉ እቃቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገልጠው ጆሯቸውን ሰጡን።