የማደባለቂያው ሁለተኛ ቁልፍ

የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ መጣ። የደንበኛው መኪና በር ላይ ቆሟል፣ ትልቁ ማደባለቂያ ደግሞ ሳሙና ደርቆበት ቀጥ ብሏል። መካኒኩ ውስጥ ገብቶ ከቢላዋዎቹ ሥር የደረቀውን ይፈነቅላል።

የምርት ኃላፊዋ የባለቤቱ ታናሽ እህት ናት። ጥሬ ዕቃው፣ ሠራተኛውና ማሽኑ ተናብበው እንዲሄዱ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው፤ ታውቅበታለችም። ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው የማብሪያውን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ እንዲገባ ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። ወንድሟ ግን "ፋብሪካዬ በሰው ኪስ አይታሰርም" ብሎ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጸ። እሷም ታላቅ ወንድም አባት ነው ብላ ዝም አለች። ክፉ ዝምታ ነበር።

አሁን ያንን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"ጋሼ፣ ተው። ሰው አለ።"

"ወጥቷል፤ አይቼዋለሁ።"

"ያየኸው የመካኒኩን ረዳት ነው።"

"አንቺ መቼ ሰበብ አጥተሽ ታውቂያለሽ?"

ክንዱን ያዘችው። በጥፊ ሲላት ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ደግማ ስትይዘው አንገቷን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጋጫት። ሠራተኞቹ ክው ብለው ቀሩ፤ እንጀራቸው በእጁ ነውና አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። ሳጥኑን ከፈተ። እሷ ደግሞ መሬት ላይ የነበረውን የመፈንቀያ ብረት አንስታ፣ ጣቱ ማብሪያው ላይ ሳያርፍ የቀኝ እጁ አንጓ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ።

ባለቤቱ በጉልበቱ ወደቀ። ያኔ ከማደባለቂያው ውስጥ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱም ሰሙት።

"ሰማህ?" አለችው።

"ሰማሁ። ማሽኑ ሲነሳበት ራሱ ዘሎ ይወጣል" አለና ግራ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

የመጀመሪያውን ምት ሳታስበው ነበር የሰነዘረችው። ሁለተኛውን ግን አስባበት፣ ወንድሟን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በሁለት እጇ ግራ ክንዱ ላይ አወረደችው። ጩኸቱ ጣሪያውን አናጋው።

"ውጣ" አለች ወደ ማደባለቂያው ዞራ፣ ደም እየተፋች።

"ትንሽ ቀርቶኛል እኮ፣ እትዬ" አለ መካኒኩ ከውስጥ።

"ውጣ አልኩህ።"

መጀመሪያ አንድ እግሩ፣ ቀጥሎ ሌላው ወጣ። ሁለቱም መሬት እስኪረግጡ ድረስ ብረቱን ከእጇ አልጣለችም፤ እግሯ ሥር የሚያቃስተውን ወንድሟንም አላየችውም።