ለኳስ የወጣ ግዝት

«ኳስ ብትነካ በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ!» አለች ፀሐይነሽ፣ በሩን በሁለት እጇ ይዛ።

ስጦታው አንድ እግሩን ከደጃፉ አውጥቶ ነበር፤ መለሰው። ትከሻው ላይ ያንጠለጠላትን ቦርሳ አውርዶ መደቡ ላይ አስቀመጣት። ግዝት የቤት ቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን «እስቲ ተይኝ» ተብሎ ይታለፋል፣ ራት ሲቀርብም ይረሳል። ግዝት ግን አንዴ ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው። የታቦት ስም ተጠርቶበት ረግጦ የሚሄድ ልጅ እሷ አላሳደገችም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ስጦታው የቢቸና ኮሌጅ ቡድን አጥቂ ነው። የዓመቱ ውድድር አልቋል። አንድ የባሕር ዳር ክለብ አይቶ ወዶት፣ ሰኞ መጥተህ ፈርም ብሎታል። የክለቡ ሰው ራሱ ደውሎ፣ «እስክትፈርም እግርህን ጠብቅ፤ ሌላ ጨዋታ እንዳትገባ» ሲል አስጠንቅቆታል። ነገ እሁድ ግን ሞጣ ላይ የመሰናበቻው ጨዋታ አለ፤ የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች ትምህርት ሊዘጋ ሲል በየዓመቱ የሚገጥሙት። ዘንድሮ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስንት ጊዜ ተላልፎ ነው ለእሁድ የተቆረጠው። ነጥብ የለው፣ ደረጃ የለው፤ ለፀሐይነሽ በከንቱ እግር መሰባበሪያ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ዘመነ የተሰበረው በዚሁ ጨዋታ ነው። እሱም ሊፈርም ቀን ቆርጦ ነበር። ይኸው ዛሬ እያነከሰ ባጃጅ ይነዳል።

«እሽ» አለ ስጦታው። «አልነካም። እንግዲህ ሰኞም ቀረ።»

«ሰኞን ማን ከለከለህ? እኔ የከለከልኩህ የነገውን ነው።»

«መች የነገውን ብለሽ ለየሽ? በጅምላ ነው የገዘትሽኝ። ባሕር ዳርስ ሄጄ ምን ልነካ ነው፣ ማረሻ?»

ፀሐይነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እውነቱን ነው። ሦስት ልጅ ስታሳድግ ብዙ ተቆጥታለች፣ ረግማም ታውቃለች፤ ገዝታ ግን አታውቅም። ሳትለምደው ስታወጣው ደግሞ ልኩን አጣችው። ከአንድ ቀን ጨዋታ አስቀራለሁ ብላ እንጀራውን ዘጋችበት።

«ቤቶች!» አለ ከውጭ ሳሊህ። ሳሊህ የቡድኑ በረኛ ነው፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ ቢቸና ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ጓደኛውን ለልምምድ ሊጠራ መምጣቱ ነው። ገባና የሁለቱን ፊት አየ። «ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገዘተችኝ» አለ ስጦታው።

«ለነገ?»

«ለዕድሜ ልክ።»

ሳሊህ ሳይቀመጥ ቀረ። እሱ እስላም ቢሆንም ግዝት ምን እንደሆነ ከጎረቤት ያውቃል። «እማማ ፀሐይነሽ፣ ላግባባዎት አልመጣሁም፤ እውነቱን ልንገርዎት? እኔ እሱን ብሆን አልገባም ነበር። ግን እሱን አይደለሁም፣ በረኛው ነኝ። ከፊቴ እሱ ከሌለ የናቴ ጎረቤቶች ሁሉ እያዩኝ ጎል ሲቆጠርብኝ መዋሉ ነው።»

ፀሐይነሽ ሳቅ መጣባትና ዋጠችው። ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ? አትግባ ያለህ የክለቡ ሰው ነው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ምን አስገደደህ?»

«እማ፣ ያ ሰው እኔን ያየኝ እኮ እነ ሳሊህ ኳሷን እየሰጡኝ ነው። ሰርጌ ሲደርስ ሚዜዎቼን ከደጅ ልመልስ?»

«ሙሽራ ሳይሰበር ነው የሚያምረው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ውበቴ የወሰዳት ዘመነ ነው። ባጃጁ ውስጥ እንደተቀመጠች ጠየቀችው፣ «አንተ የደረሰብህ ነህና ንገረኝ። ልቀቂው ትላለህ?»

ዘመነ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። «እኔን አይጠይቁኝ። እኔ አሁንም ና ግባ ቢሉኝ በዚች እግሬ እገባለሁ። ሞኝ ነኝ።»

መምሬ ውበቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። መስቀል ተሳለመችና ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስታበቃም፣ «እንግዲህ አባቴ፣ የነገውን እንደታሰረ ይተዉልኝና የሰኞውን ይፍቱልኝ» አለች።

መምሬ ውበቴ ዳዊቱን አጠፉት። «ግዝት እንደ ቅርጫ ሥጋ ይመደባል እንዴ፣ ፀሐይነሽ? ይኸ የእሁድ፣ ይኸ የሰኞ? ሲፈታ ሁሉም ይፈታል።»

«ታዲያ ቢሰበርብኝስ?»

«ይሰበር ይሆናል። በደኅና ይገባም ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኳስ አልቀድስ! ግን ልጁን የት እንዳስገባሽው እይ። ቢጥስ ከታቦቱ ይጣላል፤ ቢቀር ካንች ጋር ይቀያየማል። መሐል ላይ አቁመሽዋል።»

«ፈርቼ እኮ ነው፣ አባቴ።»

«አትፍሪ ማን አለሽ? ፍሪ። ምከሪው፣ ለምኝው፤ እንባም ካለሽ አልቅሽ፣ እናት ነሽ። የታቦት ስም ግን ሁለተኛ ለኳስ እንዳታወጭ።» ስግደት አዘዟት። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ጸሎቱን ደገሙና፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ።

ፀሐይነሽ ጌሾ ነጋዴ ናት፤ ሸክም ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያን ጊዜ የተሰማት ሙሉ ጆንያ ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማት ነው። ልጄን በራሴ አፍ አላጠፋሁትም አለች በልቧ። ቀሪውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ቤት ስትገባ ስጦታው ከተወችው ቦታ አልተነሣም።

«ተፈትተሃል» አለችው። «ሁሉም ተፈትቷል። አሁን ግን እለምንሃለሁ፣ ልጄ።»

«እማ፣ እሄዳለሁ፤ ግን ከዳር እቀመጣለሁ። ሰው ካልጠፋ አልገባም። ይበቃሻል?»

«ሰው ካልጠፋ» የምትለዋ አልጣመቻትም። ግን ከዚያ በላይ የምታስርበት ገመድ የላትም። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከተጫዋቾቹ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። ልጆቹ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን እያለፉ እስከ ሞጣ ሲዘፍኑ እሷ ውዳሴ ማርያሟን በልቧ ትደግማለች። የሰኔ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ኖሮ ሜዳው ጭቃ ነው።

የሳሊህ እናት ዓሊማ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ሜዳው ዳር ተቀበለቻት። ዓሊማ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ክርስቲያን እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ማንም አያስተምራትም። «ቅቅል ድንች ነው፤ ጾምሽን አውቄ ዘይት እንኳ አላስነካሁትም» አለች። ሁለቱም ከቆርቆሮው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጅሽ ይጫወታል?»

«አይጫወትም፤ ተቀምጧል፣ ይኸው» አለች ፀሐይነሽ። ስጦታው ጃኬቱን ደርቦ ከአሰልጣኙ ጎን ነበር።

«ታድለሽ! ለኔም እዘኝልኝ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ጎል ይግባበት እያሉ በልጄ ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ነው ያደሩት። በረኛ አይሮጥም ብዬ ስጽናና ነበር፤ ለካ ሌላው እየሮጠ መጥቶ እሱ ላይ ነው የሚወጣ።»

ፀሐይነሽ ሳቀች፤ ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። የሞጣ ጎረምሶች ስጦታውን ለይተው አወቁት፤ ለክለብ ሊፈርም መሆኑንም ሰምተዋል።

«ሙሽራው! ጭቃ እንዳይነካህ!»

«እግሩን በጥጥ ጠቅልለው ነው ያመጡት!»

«እናቱን ይዞ የመጣ አጥቂ!»

ስጦታው ቀና አላለም። ፀሐይነሽ የያዘችውን ድንች ሳህኑ ላይ መለሰች። ሰው ይስደበው፣ እግሩ ደኅና ይሁን እያለች ራሷን አጽናናች። ግን የልጇን አንገት አየችው፤ አባቱ የሞተ ቀን እንዲያ ነበር የደፋው።

እረፍት ወጥተው ሲመለሱ አንድ ለአንድ ነበሩ። ከዚያ የቢቸናው የክንፍ ተጫዋች ተንሸራቶ ትከሻው ወለም አለውና ደግፈው አወጡት። ተቀያሪ ሁሉ አልቋል። አሰልጣኙ ስጦታውን አላየውም፤ እያወቀ ነው ያላየው። ስጦታው ግን በገዛ እጁ ጃኬቱን አወለቀ።

ፀሐይነሽ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው አዞረች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ጎተተች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ዓሊማ።

«አላይም። አንች ንገሪኝ።»

«እሽ። ገባ።»

«እሽ።»

«ኳሷን አገኛት።»

«እሽ።»

«ለሌላው ሰጣት።»

«ጎሽ፤ ይስጣት! ምን ታደርግለታለች!»

«አንድ ረጅም የኛ ሰፈር ልጅ በየሄደበት ይከተለዋል።»

«ምን ያህል ይረዝማል?»

«ይረዝማል፤ አትጠይቂኝ። አሁን እንደገና አገኛት። ሮጠ። ይሮጣል፣ ልጅሽ ሲሮጥ እንዴት ነው! አለፈው... ረጅሙን አለፈው... ውይ!»

«ዓሊማ!»

ሜዳው ሙሉ ዝም አለ፤ ሲሰድቡት የነበሩት ሳይቀሩ።

«ዓሊማ፣ ምን ሆነ?»

«ወደቀ።»

የፀሐይነሽ ምላስ የጊዮርጊስን ስም አነሣች፤ ለማሰር አልነበረም። «ፈረሰኛው፣ ድረስለት፤ እኔን ተወኝና ለሱ ድረስለት» አለች ቆርቆሮው ላይ ግንባሯን ደግፋ።

«እግሩን ይዟል» አለች ዓሊማ በቀስታ። «ሳሊህ ጎሉን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ያ ረጅሙም ጎንበስ አለ... እጁን ሰጠው።»

«ከዚያስ?»

«ቆይ... ተነሣ። ተነሣ እቴ! ዘለለ፤ እግሩን እየሞከራት ነው። ጭቃውን እያራገፈ ይስቃል። ምንም አልሆነም፣ ጭቃ ብቻ ነው! አልሐምዱሊላህ!»

ፀሐይነሽ ድንጋዩ ላይ ዝርፍጥ አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ደግሞ ትስቃለች። «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ዓሊማ ትከሻዋን አቅፋ ወዘወዘቻት።

«በይ አሁን ጥሪው» አለቻት። «ወዲህ እያየ ነው። ውጣ ካልሽው ይወጣል። የእናት ጥሪ ነው፣ ማንም አይታዘበውም።»

ፀሐይነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ዞረች። ስጦታው ከመስመሩ አጠገብ፣ ግማሽ ፊቱ ጭቃ ሆኖ ቆሟል፤ እውነትም ወደሷ ያያል። አንድ ጊዜ በእጇ ብትጠራው ይወጣ ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። ረጅሙም ልጅ ከኋላው እንደቆመ ነው፤ ዓሊማ ካለችውም ይረዝማል።

እጇን አነሣች። ከተሰጣ እህል ዶሮ እንደምታባርር አድርጋ፣ ሂድ፣ ሂድ፣ ወደ ጨዋታው አባረረችው።

ከዚያ ድንጋዩን ለቅቃ ሜዳውን ወደከለለው ገመድ ተጠጋች። ሰው እየገፋች ለዓሊማም ቦታ አበጀችላት።

«እስቲ ንገሪኝ» አለቻት ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል፤ «የኛ ልጆች የሚያገቡት በየትኛው በኩል ነው?»